ላንግዶክ ውስጥ ቤት ለመግዛት፦ ከኮምፕሮሚው ፊርማ በፊት የሚሠራ ሥራ

ፈረንሳይ ውስጥ ቤት የሚገዛው ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን አይደለም፤ ኮምፕሮሚ ደ ቫንት የሚባለው የመጀመሪያው ውል በሚፈረምበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ገዢ ምክንያት ሳይሰጥ ሐሳቡን መቀየር የሚችለው 10 ቀን ብቻ ነው። ዐሥሩ ቀን ካለፈ መውጫው ውሉ ላይ በጽሑፍ የሰፈረ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አያድንም። ስለዚህ የመንደሩ ምርጫም፣ የወረቀቱ ምርመራም፣ የገንዘቡ ዝግጅትም ከዚያ ፊርማ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምጽፈው በደቡብ ፈረንሳይ ስላለው ላንግዶክ ነው፤ በተለይም ኤሮ ስለሚባለው ዲፓርትማን (አውራጃ)፣ ከሤት ወደብ እስከ አግድ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ እስከ ፔዜናስና ቤዚዬ። በሜዲትራኒያን ባሕርና በወይን እርሻው መሀል 7,500 ሄክታር ገደማ የሚሰፋ ጨዋማ ሐይቅ አለ፤ ቶ ይባላል። በሰሜን ዳርቻው ቡዚግና ሜዝ ኦይስተር ያረባሉ፤ ከኋላቸው ፒኔና ፖሜሮል ፒክፑል የተባለውን ነጭ ወይን ያመርታሉ። ባቡሩ በሤት፣ በአግድና በቤዚዬ ያልፋል። ዋጋው ከኒስና ከካን አካባቢ ዝቅ ስለሚል ብዙ ሰው ወደዚህ ያያል። ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚያየው በሐምሌ መሆኑ ነው።

ሦስት ዓይነት ቤት፣ ሦስት ዓይነት በሽታ

የመጀመሪያው ሜዞን ቪኜሮን፣ ማለትም የወይን ገበሬ የመንደር ቤት ነው። ምድር ቤቱ ሬሚዝ ይባላል፤ ድሮ ጋሪና በርሜል የሚቆምበት፣ በሩ ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቦታ ነው። ሰው የሚኖረው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው በኖራ የተያያዘ ድንጋይ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። በግራና በቀኝ ከጎረቤት ጋር ስለሚጋራ መስኮት ያለው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው፤ ግቢ ካለውም ጠባብ ነው። የዚህ ቤት ዋናው በሽታ እርጥበት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ያመጣው ጥገናው ራሱ ነው። የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን ውሃ በገጹ በኩል እየተነፈሰ ያደርቃል። በሲሚንቶ ሲለሰን ወይም ውስጡ በጂፕሰም ቦርድ ሲሸፈን ግን ውሃው መውጫ ያጣና በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ነጭ ጨው፣ የሚላጥ ቀለምና ሽታ ይመጣል። ስትጎበኙ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ። በቅርቡ ቀለም የተቀባው የታችኛው ክፍል ብቻ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቢቆም ከኋላው ለማየት አትፈሩ፤ ሻጩ ካልፈቀደ መልሱን አግኝታችኋል።

ጣሪያው ግማሽ ቱቦ የመሰለ ሸክላ ነው። በብዙ አሮጌ ቤቶች ከሸክላው ሥር ውሃ የሚያግድ ሽፋን የለም፤ ነፋስ አንዱን ካንሸራተተው ዝናቡ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ መሰላል ይዛችሁ ከኮርኒሱ በላይ ውጡ። የጣሪያውን እንጨት ጫፍ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ፣ በቁልፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። ቁልፉ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ ተበልቷል፤ ምስጥ ወይም እርጥበት አለ ማለት ነው። የምስጥ ምርመራ ወረቀት የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ነው፤ መርማሪውም የሚያየው የተገለጠውን እንጨት እንጂ በልስን የተሸፈነውን አይደለም።

ሬሚዙ ወደ ሳሎን ወይም ወደ መኝታ ቤት ተቀይሮ ካገኛችሁት የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል የሚሸጥላችሁ እንደ መኖሪያ ስፋት ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ ግን አሁንም መጋዘን ነው። የጎርፍ ቀጠና ውስጥ ከሆነ ደግሞ ምድር ቤት ላይ መኝታ መሥራት ጨርሶ ሊከለከል ይችላል። በሥነ ሕንጻዋ የተጠበቀችው የፔዜናስ አሮጌ ክፍልና ከታሪካዊ ሐውልት 500 ሜትር ክልል ውስጥ ያለ ቤት ሌላ ጣጣ አለው፦ የመስኮት መዝጊያ ቀለም፣ የበሩ ቅርጽ፣ የፀሐይ ፓነል ሁሉ የመንግሥት አርክቴክት አስተያየት ይጠየቅበታል። ፕላስቲክ መስኮት ለመግጠም አስባችሁ ከሆነ ስሌታችሁን አሁኑኑ ቀይሩ፤ እንጨት ሊባል ይችላል፤ እንጨት ደግሞ ውድ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከ1970ዎቹ ወዲህ በየመንደሩ ዙሪያ የተሠራው ባለ ግቢ ቪላ ነው። ብሩህ ነው፣ መኪና ማቆሚያ አለው፣ መዋኛ አለው። ጠላቱ መሬቱ ነው። እዚህ አካባቢ ብዙ ቦታ አፈሩ በድርቅ ጊዜ የሚኮማተር፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያብጥ ሸክላ ነው፤ ጥልቀት የሌለው መሠረት አብሮት ይነቃነቃል። ምልክቱ በብሎኬቱ መገጣጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣ ስንጥቅ ነው፤ በተለይ በመስኮት ማዕዘንና አዲስ ክፍል ከአሮጌው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይታያል። ከ2 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ ካለ ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት መሐንዲስ አምጡ። ጂኦሪስክ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ስታስገቡ የሸክላ አደጋው ደካማ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ መሆኑን በነጻ ይነግራችኋል። ሻጩ በዚያ ቤት ላይ በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት የመድን ካሳ ተቀብሎ ከሆነ ለገዢ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ካሳውን ተቀብሎ ስንጥቁን በልስን ብቻ የሸፈነ ሻጭ አለ፤ ለዚህ የጥገናውን ደረሰኝ ጠይቁ። መሠረት ማጠናከር በዐሥር ሺዎች ዩሮ የሚቆጠር ሥራ ነው። የድርቅ ጉዳት ካሳ የሚከፈለውም መንግሥት ቀበሌውን በአዋጅ ካወቀለት ብቻ ነው፤ ያኔም የመጀመሪያው 1,520 ዩሮ ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል።

ሦስተኛው የባሕር ዳርቻ አፓርታማ ነው። ካፕ ዳግድን የመሳሰሉት መዝናኛዎች መንግሥት በ1963 በጀመረው የባሕር ዳርቻ ልማት የተሠሩ ስለሆኑ አርማታቸው አርጅቷል። የባሕር ጨው በአርማታው ውስጥ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል፤ ፌሮው ሲዝግ ያብጣል፣ አርማታውን ከውስጥ ይሰብረዋል። በረንዳዎቹን ከታች ሆናችሁ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፦ የዛገ ብረት፣ የተላጠ አርማታ፣ ለመጠበቂያ የተወጠረ መረብ ካለ ትልቅ ወጪ እየመጣ ነው። የጋራ ባለቤቶቹን የ3 ዓመት ቃለ ጉባኤ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። በተለይ "ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል" የሚለውን የጥገና አጀንዳ ፈልጉ። ሕጉ የሚለው ለጥገና የተወሰነው ገንዘብ በሚጠየቅበት ቀን ባለቤት የሆነው ሰው ይክፈል ነው። ከናንተ በፊት የተወሰነ የፊት ገጽ እድሳት ከናንተ ኪስ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። መፍትሔው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ "ከዚህ ውል በፊት የተወሰነ ሥራ ሁሉ በሻጭ ይከፈላል" የሚል ኮምፕሮሚው ላይ አስገቡ። የአፓርታማው ስፋትም በካሬዝ ሕግ መሠረት ይለካል፤ ትክክለኛው ልክ ከተጻፈው ከ5 በመቶ በላይ ቢያንስ በ1 ዓመት ውስጥ ዋጋው በልኩ እንዲቀነስ መጠየቅ ይቻላል።

ነፋስ፣ ውሃ፣ እሳት፣ ወይን

ትራሞንታን ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍስ ደረቅና ብርቱ ነፋስ ነው፤ ማራን ደግሞ ከባሕር እርጥበት ይዞ ይመጣል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ያየ በረንዳ ዕይታው ምንም ያህል ቢያምር ምሳ የሚበላበት ቀን ጥቂት ነው። ከተቻለ አንዱን ጉብኝት ነፋስ ባለበት ቀን፣ ሌላውን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አድርጉ። በክረምት የባሕር ዳርቻው ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ ልትኖሩበት ከሆነ ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ አዲስ ታካሚ የሚቀበል ሐኪም ያለበትን ርቀት የምትመዝኑት ያን ጊዜ ነው።

የመኸር ዝናብ እዚህ ሌላ ነገር ነው። ሞቃቱ ባሕር የሚሰጠው እርጥበት ከሴቬን ተራሮች ጋር ሲጋጭ የወራት ዝናብ በጥቂት ሰዓት ይወርዳል። ጎረቤት በሆነችው ኦድ በጥቅምት 2018 የወረደው ጎርፍ 15 ሰው ገድሏል። በኤሮ ወንዝ ዳር ያሉት አግድና ፍሎራንሳክ፣ ፔይን የሚባለው ትንሽ ወንዝ የሚያቋርጣት ፔዜናስ፣ በኦርብ ዳር ያለው የቤዚዬ ዝቅተኛ ሰፈር ሁሉ የጎርፍ ዕቅድ ካርታ አላቸው። በካርታው ቀይ ቀጠና ውስጥ ያለ ቤት ማስፋፋት አይቻልም ማለት ይቻላል። የአደጋ መግለጫው ወረቀት በ6 ወር ጊዜው ያልፋል፤ ደላላው ከመጀመሪያው ጉብኝት ጀምሮ ሊያሳያችሁ ይገባል።

የባሕሩ ዳርም አይቆምም። ከሤት ወደ ማርሴያን የሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ አሸዋው እየተበላ ስለሄደ ወደ ውስጥ ተዛውሯል። በሌላኛው ባሕር፣ በአትላንቲክ፣ በሜዶክ የወይን አገር ዳርቻ ያለችው ሱላክ-ሱር-ሜር ለ ሲኛል የሚባል 78 አፓርታማ ያለው ሕንጻ ነበራት፤ በ2014 ነዋሪው እንዲወጣ ተደርጎ በ2023 ፈረሰ። የባሕሩ መግፋት የሚመለከታቸው ቀበሌዎች ዝርዝር በሕግ ወጥቷል፤ ቤቱ እዚያ ውስጥ ካለ በአደጋ መግለጫው ላይ መጻፍ አለበት። የ1986ቱ የባሕር ዳርቻ ሕግ ደግሞ ከተሠራበት መንደር ውጭ ከውሃው 100 ሜትር ውስጥ ግንባታ ይከለክላል። ይህ ሕግ ትላልቅ ጨዋማ ሐይቆችን ስለሚጨምር የቶ ዳርቻዎችንም ይይዛል። "ትንሽ ክፍል መቀጠል ይቻላል" የሚል የደላላ ቃል እዚህ ዋጋ የለውም፤ የማዘጋጃ ቤቱን የጽሑፍ ማረጋገጫ፣ ሰርቲፊካ ዱርባኒዝም ጠይቁ።

እሳትን በተመለከተ፣ ከጫካ ወይም ከቁጥቋጦ 200 ሜትር ውስጥ ያለ ቤት ዙሪያውን 50 ሜትር መመንጠር አለበት፤ ከንቲባው ወደ 100 ሊያሳድገው ይችላል። ምንጣሮው የጎረቤት መሬት ውስጥ ቢገባም ግዴታው የናንተ ነው። በነሐሴ 2025 በኦድ ኮርቢዬር የተነሣው እሳት ወደ 16,000 ሄክታር አቃጥሏል፤ ይህ ግዴታ የወረቀት ጉዳይ እንዳልሆነ ያየነው ያኔ ነው።

ወይን ማሳ አጠገብ መኖር ያምራል፤ ሆኖም ማሳው ሥራ ቦታ ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ድኝና መዳብን ጨምሮ መድኃኒት ይረጫል፤ ብዙ ጊዜ ነፋስ ሳይነሣ በጎህ ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ወይኑ በማሽን የሚለቀመው ሙቀቱ በሚቀንስበት በሌሊት ነው። ከመኖሪያ ቤት መጠበቅ ያለበት የርጭት ርቀት በመደበኛው 10 ሜትር ቢሆንም፣ በአካባቢው ስምምነትና በተሻለ መሣሪያ ወደ 5 ወይም 3 ሜትር ሊወርድ ይችላል። ልጅ ያላችሁ ሰዎች የግቢው አጥር ከመጀመሪያው የወይን ተርታ ስንት ሜትር እንደሚርቅ በእርምጃ ለኩ።

ከቤቱ ጋር የወይን መሬት የሚሸጥ ከሆነ ሳፈር የሚባለው የገጠር መሬት ተቋም የቅድሚያ ግዢ መብት አለው፤ ለመወሰን 2 ወር ይሰጠዋል። መሬቱን የሚያርስ ገበሬ ካለ የገጠር ኪራይ ውል ቢያንስ 9 ዓመት ስለሆነ በቀላሉ አይወጣም፤ እሱም የቅድሚያ መብት አለው። ወይን ለማምረት ያላሰበ ሰው ማሳውን ትቶ ቤቱን ብቻ ቢገዛ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ዋጋና ወረቀት

ደላላ የሚነግራችሁን ዋጋ በዲቪኤፍ አመዛዝኑ። ይህ ያለፉት 5 ዓመታት ሽያጮች በትክክለኛ ዋጋቸው የሚታዩበት የመንግሥት የነጻ ካርታ ነው፤ በመንገድ ስምና በቁራሽ መሬት ቁጥር ይፈለጋል። ያው ቤት ከ2 ዓመት በፊት ተሽጦ ከሆነ በስንት እንደተሸጠ ታያላችሁ።

ሻጩ በራሱ ወጪ ከሚያስመረምራቸው ወረቀቶች ውስጥ ከሁሉ በላይ ዋጋውን የሚነካው ዲፔኤ፣ የኃይል ፍጆታ ደረጃው ነው። ከአ (A) እስከ ዠ (G) ባለው ደረጃ የመጨረሻው ዠ የሆነ ቤት ከ2025 ጀምሮ ለመኖሪያ አዲስ ሊከራይ አይችልም፤ ከሱ በላይ ያለው ኤፍ (F) በ2028፣ ኧ (E) በ2034 ይከተላሉ። በነዚህ ሦስት ደረጃዎች ያለ ነጠላ ቤት ሲሸጥ የጥገናውን ቅደም ተከተልና ግምታዊ ወጪ የሚዘረዝር የኃይል ኦዲት አብሮ መቅረብ አለበት። ያንን ቁጥር ይዞ ዋጋ መከራከር ይቻላል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በዚህ ደረጃ ስሌት ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚባዛበት ቁጥር ከ2.3 ወደ 1.9 ስለወረደ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቤት ከአሮጌው ወረቀት የተሻለ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል።

የግንባታ ፈቃዱ ከጁላይ 1997 በፊት የሆነ ቤት የአስቤስቶስ፣ ከ1949 በፊት የተሠራ የእርሳስ ቀለም፣ ጋዝና ኤሌክትሪኩ ከ15 ዓመት ያለፈው የመስመር ምርመራ ያስፈልገዋል። ከመንደር ወጣ ያለ ቤት ከሆነ የፍሳሽ ጉድጓዱን አትዝለሉ፤ ደንቡን ያላሟላ ጉድጓድ በገዢው ወጪ በ1 ዓመት ውስጥ መስተካከል አለበት። ከ10 ካሬ ሜትር የሚበልጥ መዋኛ ለማዘጋጃ ቤት የተመዘገበበት ወረቀት ይኑረው። ባለፉት 10 ዓመታት ትልቅ ሥራ ተሠርቶ ከሆነ የተቋራጩን ደረሰኝና የ10 ዓመት ዋስትና ኢንሹራንሱን ውሰዱ፤ ጣሪያው ቢያፈስ የምትከራከሩት በዚያ ወረቀት ነው።

ኮምፕሮሚው

ገዢው መጀመሪያ የሚያቀርበው የዋጋ ሐሳብ በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ይሰጣል፤ በዚህ ደረጃ ማንም ገንዘብ ሊቀበላችሁ አይችልም፣ ሕጉ ይከለክላል። ከተስማማችሁ በኋላ ውሉን ኖቴር እንዲያዘጋጀው ምረጡ። ኖቴር በፍትሕ ሚኒስትሩ የሚሾም፣ ውል የሚያጸድቅ ሹም ነው። ገዢ የራሱን ኖቴር ማቆም መብቱ ነው፤ ሁለቱ ክፍያውን ስለሚካፈሉ ተጨማሪ አያስከፍልም። የሻጩን ኖቴር ብቻ መጠቀም በሕግ ጥፋት ባይሆንም፣ የናንተን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ግን አይኖርም።

ቀብዱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ወደ ኖቴሩ አደራ ሒሳብ ይገባል እንጂ ለሻጭ በእጅ አይሰጥም። የ10 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው የተፈረመው ውል በአደራ ደብዳቤ ወይም በእጅ ከደረሳችሁ ማግስት ነው። በነዚህ ቀናት ከወጣችሁ ቀብዱ በ21 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለ ምክንያት የቀረ ገዢ፣ ውሎች እንደተለመደው የሚያስቀምጡትን የዋጋውን 10 በመቶ ቅጣት ሊጠየቅ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በብድሩ ቅድመ ሁኔታ ነው። የብድሩ መጠን፣ ከፍተኛው ወለድና ዓመቱ በቁጥር ይጻፋል፤ ጊዜው በሕግ ከ1 ወር ሊያንስ አይችልም፣ በተግባር 45 ወይም 60 ቀን ጠይቁ። ከዚያ ባንክ ሄዳችሁ ከተጻፈው የበለጠ ገንዘብ ወይም ያነሰ ወለድ ብትጠይቁና ብትከለከሉ፣ ቅድመ ሁኔታው በናንተ ጥፋት እንደከሸፈ ተቆጥሮ ቀብዱ ሊቀር ይችላል። ማመልከቻው ከውሉ ጋር ቃል በቃል ይስማማ። ባንኮች በአጠቃላይ የብድር ክፍያችሁ ከገቢያችሁ 35 በመቶ እንዳያልፍና ከ25 ዓመት እንዳይረዝም ይጠብቃሉ፤ ከፈረንሳይ ውጭ ለሚኖር ሰው ደግሞ የራስ መዋጮ ይበዛል። የባንኩ የመጨረሻ ሰነድ ሲደርሳችሁ 10 ቀን ሳይሞላ መፈረም አይቻልም፤ ይህንንም ቀን በሒሳባችሁ አስገቡ።

ሌሎቹንም ሁኔታዎች በስም አስጽፉ፦ የምትፈልጉት የግንባታ ፈቃድ መገኘቱን፣ ማዘጋጃ ቤቱና ሳፈር የቅድሚያ መብታቸውን አለመጠቀማቸውን፣ የተደበቀ የመተላለፊያ መብት አለመኖሩን። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ሻጩን ከስውር ጉድለት ነጻ ያደርገዋል፤ እያወቀ መደበቁን ማስረዳት የገዢው ሸክም ነው። ሻጩ የመለሰላችሁን ሁሉ በኢሜይል እንዲደግመው የምመክረው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ

210,000 ዩሮ የተባለ ቤት እንውሰድ፤ በውስጡ 10,000 የደላላ ክፍያ አለ። ክፍያው "በገዢ" ተብሎ ለብቻው ከተጻፈ ግብሩ የሚሰላው በ200,000 ላይ ነው። የዝውውር ግብሩ ዲፓርትማኑ የ2025ቱን ጭማሪ ከወሰደ ወደ 6.32 በመቶ፣ ማለትም 12,640 ዩሮ ገደማ ነው፤ ካልወሰደ 5.81 በመቶ ገደማ፣ 11,610 ነው። ለመኖሪያው የመጀመሪያ ቤት የሚገዛ ሰው ጭማሪው አይመለከተውም። የኖቴሩ የራሱ ክፍያ በመንግሥት ሠንጠረዥ የተወሰነ ነው፤ በ200,000 ላይ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 2,394 ዩሮ ይሆናል። የመሬት መዝገቡ 200፣ ልዩ ልዩ ሰነዶች ከ1,000 እስከ 1,500 ይጨምራሉ። ጭማሪው ካለ ድምሩ 16,000 እና 17,000 መሀል ይወድቃል። የደላላው ክፍያ ተለይቶ ካልተጻፈ ወደ 740 ዩሮ በከንቱ ትከፍላላችሁ። ቤቱ ከዕቃው ጋር ከተሸጠም የዕቃውን እውነተኛ ዋጋ በዝርዝር አስለዩ፤ በምድጃና በቁም ሣጥን ላይ የዝውውር ግብር አይከፈልም።

ከ3,000 ዩሮ በላይ የሆነ ክፍያ ሁሉ በባንክ ብቻ ይተላለፋል፤ ኖቴሩም ባንኩም የገንዘቡን ምንጭ የመጠየቅ ግዴታ አለባቸው። እዚህ ላይ የኛ ሰው ይቸገራል። እቁብ ወጥቶ በአንድ ሳምንት ከብዙ ሰው የገባ ገንዘብ ለባንኩ ምንጩ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። የእቁቡን መዝገብ፣ የየወሩን መዋጮ የሚያሳይ የባንክ ዝርዝርና የአባላቱን ፊርማ ከወራት በፊት አዘጋጁ፤ መዋጮውንም ከመጀመሪያው በባንክ አድርጉት። ወዳጅ ካበደራችሁ ውል ጻፉ፤ ከ5,000 ዩሮ በላይ የሆነ የግል ብድር በ2062 ቅጽ ለግብር ቢሮ ይገለጻል። ሥጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው ስጦታ ነው ብሎ ቢሰጣችሁ ግብሩ 60 በመቶ ስለሆነ ብድርና ስጦታ አይምታቱባችሁ። ጥሬ ገንዘብ ይዞ መምጣት መፍትሔ አይደለም፤ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ድንበር ላይ ይገለጻል፤ ቢገለጽም ምንጩ ይጠየቃል።

ቀብድም ሆነ ዋናውን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የሒሳብ ቁጥሩን በስልክ አረጋግጡ፤ ስልኩን ከኢሜይሉ ሳይሆን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን። አጭበርባሪዎች የኖቴርን ኢሜይል አስመስለው ሌላ ሒሳብ ይልካሉ። እውነተኛው የኖቴር ሒሳብ ኬስ ዴ ዴፖ በሚባለው የመንግሥት ተቋም የተከፈተ ነው።

ስም፣ ልደት፣ ጋብቻ

ዜግነት ቤት ለመግዛት አያግድም፤ ቤት መግዛትም የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም። ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ከገዛም በኋላ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ኖቴሩ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። የአማርኛው ሰነድ ፍርድ ቤት በሚያውቀው መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ይተርጎም፤ ቀኑ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲለወጥ ዓመቱ ብቻ ሳይሆን ቀንና ወሩም ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙን ራሳችሁ አረጋግጡ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ የባልና የሚስት ስም መለያየቱ፣ በላቲን ፊደል አንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ሌላው ላይ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፊደል፣ ሁሉም ያዘገያል። ስደተኛ ተብሎ የታወቀ ሰው የልደት ሰነዱን የሚያገኘው ኦፍፕራ ከሚባለው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ነው፤ የፈረንሳይ ዜግነት ያገኘ ደግሞ ናንት ካለው ማዕከላዊ መዝገብ። እነዚህን ቤት መፈለግ ስትጀምሩ ጠይቁ፤ ለወራት የሚቆዩበት ጊዜ አለ።

የጋብቻ ንብረት ሕጉም ይጠየቃል። አዲስ አበባ ብትጋቡም ከጋብቻ በኋላ መጀመሪያ አብራችሁ የኖራችሁት ፈረንሳይ ከሆነ፣ የተለየ ውል ከሌለ በቀር ብዙ ጊዜ የሚሠራው የፈረንሳዩ የጋራ ንብረት ሕግ ነው። ውርስም በዚያው ይነሣ፦ የፈረንሳይ ሕግ ለአንድ ልጅ ግማሽ፣ ለሁለት ልጆች ሁለት ሦስተኛ፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ ሦስት አራተኛ ያስጠብቃል። ከቀድሞ ትዳር ልጅ ያለው ሰው ይህን ለኖቴሩ ከፊርማ በፊት በግልጽ ይንገረው፤ በኋላ ለማስተካከል ውድ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ

የመሬት ግብሩን ጃንዋሪ 1 ቀን ባለቤት የሆነው ሰው ይከፍላል፤ በሽያጭ ዓመት በቀናት ይካፈሉታል። የነዋሪነት ግብር ለዋና መኖሪያ ቀርቷል፤ ለሁለተኛ ቤት ግን አለ፤ የቤት እጥረት ባለባቸው ቀበሌዎች ከ5 እስከ 60 በመቶ ሊጨመርበት ይችላል። የአምናውን የግብር ወረቀት ከሻጩ ተቀበሉ። በበጋ ለቱሪስት አከራይቼ እከፍለዋለሁ የሚል ስሌት ዛሬ ጠባብ ነው፦ የ2024ቱ ሕግ ለአከራዮች ምዝገባ በየቀበሌው አስገድዷል፣ ደረጃ ያልተሰጠው የቱሪስት ቤት የግብር ቅናሹ 30 በመቶ ሆኗል፣ ቅናሹ የሚሠራበት የዓመት ኪራይ ገቢ ጣሪያም 15,000 ዩሮ ነው። የአፓርታማው መተዳደሪያ ደንብ ጨርሶ ሊከለክልም ይችላል።

የመጨረሻው ፊርማ ከኮምፕሮሚው 3 ወር ገደማ በኋላ ይመጣል። ፈረንሳይኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ መገኘት የማይችል ሰው ከ2020 ወዲህ ኖቴሩ ፊት በቪዲዮ ውክልና መስጠት ይችላል። በዚያው ቀን ጠዋት ቤቱን ደግማችሁ እዩ፦ ውሃውን ክፈቱ፣ ማሞቂያውን አብሩ፣ ዝርዝር ውስጥ የነበረው ዕቃ መኖሩን ቁጠሩ፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ፎቶ አንሡ። ጉድለት ካለ ከፊርማ በፊት ተናገሩ፤ ኖቴሩ ከዋጋው የተወሰነውን በአደራ ይዞ ማስፈረም ይችላል። ኢንሹራንሱ ከፊርማው ደቂቃ ጀምሮ በስማችሁ ይሁን። ያን ቀን የሚሰጣችሁ አጭር የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው፤ በመሬት መዝገብ የተመዘገበው ሙሉ ሰነድ ከወራት በኋላ ስለሚመጣ፣ ውሃና መብራት የምታዛውሩት በማረጋገጫው ነውና ቅጂውን አብዙት።